ለቀበሌ የውሃ ሥልጠና ልንወጣ ነው፤ ምን ይዘን እንሂድ?

ነጠብጣብ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች።

የውሃ ምህንድስና መምህር ነኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆይ። እንደምታውቁት የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሥራ አለበት ይባላል፦ መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር፣ የማህበረሰብ አገልግሎት። የመጀመሪያው ደሞዝ ያስገኛል። ሁለተኛው የደረጃ እድገት ያስገኛል። ሦስተኛው ሰኔ 30 ሳይደርስ በጀቱ እንዳይመለስ የምንሯሯጥበት ነው። ቀልዴን ነው። ግማሹን።

ዘንድሮ ተራው የእኛ ትምህርት ክፍል ደርሷል። ከከተማ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ «ዘላቂ የውሃ አጠቃቀም» በሚል ርዕስ የሁለት ቀን ሥልጠና እንሰጣለን። ተመራቂ ተማሪዎችም አብረውን ይወጣሉ። እቅዱ ላይ ባነር አለ፣ ቲሸርት አለ፣ ሻይ ቡና አለ፣ አበል አለ፣ አዳራሽ አለ። ይዘት በሚለው ሳጥን ውስጥ «እንደ ሁኔታው» ተብሎ ተጽፏል።

ስላይድ መሥራት አያቅተኝም። የውሃ ዑደት፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ ምናምን። ግን ጀሪካን አዝላ ዳገት ለምትወጣ ሴት «ውሃ ሕይወት ነው» ልበላት? እስቲ ከልባችሁ ንገሩኝ። በተለይ ወረዳ ላይ የምትሠሩ።

ቁልፍ ያዥ

ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት የጥገና ባለሙያ ነኝ መምህር። እንኳን ጠየቅክ፤ ብዙዎቻችሁ ሳትጠይቁ ነው ከተፍ የምትሉት።

አዳራሹን ተወው። መጀመሪያ ሂድና የቀበሌዋ የእጅ ፓምፕ ይሠራ እንደሆነ እይ። የቆመ ፓምፕ አጠገብ ባነር ተወጥሮ ስለ ውሃ ቁጠባ ሲሰበክ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ያጨበጭባል። ሻዩን ይጠጣል። ከዚያ ጀሪካኑን አንስቶ ወንዝ ይወርዳል።

እኛ ጋ ያሉት አብዛኞቹ አፍሪዴቭ ናቸው። አፍሪዴቭ ከመነሻው የመንደር ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ፓምፕ ነው። ለመፍታት የሚበቃህ አንድ ቁልፍ ነው። ክዳኑን ትከፍታለህ፣ እጀታውን ታወጣለህ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ትስባለህ። መጨረሻ ላይ ፕለንጀሩ፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚያነሳው ክፍል፣ ይመጣል። እሱ ላይ የስኒ አፍ የምታክል ጎማ አለች፣ ዩ ሲል እንላታለን። ጉድጓዱ አሸዋ ካለው ቶሎ ትበላለች። እሷ ካለቀች እጀታውን እስኪደክምህ ብትጫን ውሃ ጠብ አይልም። ሰዉ «ጉድጓዱ ነጠፈ» ብሎ ይተወዋል። ጉድጓዱ ምንም አልሆነም፣ ያለቀችው ጎማዋ ናት!

እኛን ይጠሩናል። እኛ ደግሞ መኪና ስናገኝ ነዳጅ የለም፣ ነዳጅ ስናገኝ መኪናው ስብሰባ ሄዷል። በዚህ መሀል ሳምንታት ያልፋሉ።

ስለዚህ ተማሪዎችህን ይዘህ ና። ፓምፑን ከመንደሩ ሴቶች ጋር ፍቱት። መልሰው የሚገጥሙት ግን እነሱ ይሁኑ፤ እናንተ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ እዩ። አንድ ጠዋት ይበቃል። ስትሄዱ ቁልፉንና ትርፍ ጎማዎች ለውሃ ኮሚቴው ትታችሁ ሂዱ።

ዝም ብዬ አንባቢ

ተሳታፊ አበል አለው ወይስ ለአሠልጣኝ ብቻ ነው? ሃሃሃ። ይህን ካልመለስክ አዳራሽህ ባዶ ነው ወንድሜ።

ማሂ ከዶርም

እኔ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ ዶርም ግቡልን። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ራሱ ግን ፈረቃውን አያውቅም። መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁሉም ቧንቧውን ከፍቶ ይተኛል። ሌሊት ሲመጣ ማንም ሳይሰማ ሲፈስ ያድራል። ጠዋት ወለሉ ርሷል፣ ቧንቧው ደርቋል። ይህ የውሃ ምህንድስና የሚሰጥበት ግቢ ነው!

የኛ ክበብ አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀመጥን። በሰከንድ አንድ ጠብታ ቢወድቅ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። አንድ ሊትር ለመሙላት ወደ 4,000 ጠብታ ይፈልጋል። አካፍሉት፤ ሃያ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይመጣል። አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ከአንድ ቧንቧ! ፎቅ በፎቅ እየዞርን የሚያንጠባጥቡትን መዘገብንና ዝርዝሩን ለጥገና ክፍል ሰጠን። ሁሉንም ባይሆንም ቀየሩ። ያለ ዝርዝር ሲጠየቁ ግን ዓመቱን ሙሉ «እናያለን» ነበር መልሳቸው።

ነጠብጣብ

@ማሂ፣ እኛም ግቢ ያው ነው፣ ብዙ አታስወሪኝ። የባልዲውን ነገር ወስጄዋለሁ።

@ዝም ብዬ አንባቢ፣ ለተሳታፊ የትራንስፖርት ተብሎ ትንሽ አለ። ምን ይደረጋል።

ጋሽ ኢንጅነሩ

ልጆች፣ ይህ ጉዳይ የትናንት አይደለም። በጡረታ ላይ ስላለሁ ታሪክ ለማውራት ጊዜ አለኝ፣ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1950 የኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት አገራችን መጥቶ ነበር። በኋላ አሜሪካ ፖይንት ፎር ያለችውን የእርዳታ ፕሮግራም እንዲመራ ተሾመ። በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። የጀመረው የግብርና ኮሌጅ ጉዳይ ግን አልቆመም። ስምምነቱ በ1952 ተፈረመ፤ ሥራው ጅማ ላይ ተጀምሮ ኮሌጁ በ1956 ዓለማያ ገባ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

ኦክላሆማዎች የመጡት በራሳቸው አገር ወግ ነው። እዚያ የክፍለ ግዛቱ ኮሌጅ ያስተምራል፣ ይመራመራል፣ የተመራመረውን ደግሞ ገበሬው ማሳ ድረስ ይዞ ይወርዳል። የግብርና ኤክስቴንሽን አገራችን ውስጥ የበቀለው ከዚያ ኮሌጅ ነው። በ1963 ግን ኤክስቴንሽኑ ተነቅሎ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። ኮሌጁ ጋ ማስተማርና ምርምሩ ቀሩ። ዛሬ «የማህበረሰብ አገልግሎት» እያላችሁ የምትሯሯጡለት ነገር ያኔ የተቆረጠው እግር ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ውሃው። ከዚያ ኮሌጅ ብዙም ሳይርቅ የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ከብት ይሰማራበት ጀመር! ደለል ሞላው፣ ዙሪያው ያለው ተራራ ተራቆተ፣ ከተማው ሳበው፣ ፓምፑ ሳበው። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ በቧንቧ ለማምጣት ተገደደች። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥናት አልጠፋም። የመመረቂያ ጽሑፍ አልጠፋም። አንጋፋው የግብርና ትምህርት ቤት አጠገቡ ቆሞ ነበር።

በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡም፣ የተፋሰስ ሥራውም ረድቷል። ግን መምህር ሆይ፣ «ምን እናስተምር» ብለህ ስትጠይቅ እኔ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

የዓወዳይ ልጅ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ከገበሬው ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር።

የኛ ቤተሰብ ማሳ ሐይቁ ዳር ነበር። አባቴ ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለገውም። በየዓመቱ የፓምፑን ጎማ የሚያስረዝመው እሱ ነበራ! መጀመሪያ አንድ ጥቅል ይበቃው ነበር፣ ከዚያ ሌላ ቀጠለበት፣ ከዚያ እንደገና። የገበያ ሂሳቡን ብታዩት የሐይቁን ታሪክ ታነቡ ነበር።

ለምን አላቆመም? ጫቱ ካልጠጣ አይቆረጥም። ካልተቆረጠ ዓወዳይ ገበያ የሚወርድ ነገር የለም። እኛም ትምህርት ቤት አንሄድም። እሱ ፓምፑን ቢያጠፋ ደግሞ የጎረቤት ፓምፕ አይጠፋም። የተወለትን ውሃ ጎረቤት ይወስደዋል እንጂ ሐይቁ ውስጥ አይቀመጥም። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ብቻውን ማቆም የሚችል ግን አንድም አልነበረም።

ስለዚህ መምህር፣ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ከወረቀትህ ላይ ሰርዝልኝ። ገበሬው ግንዛቤ ሞልቶታል። ዩኒቨርሲቲ ሊያደርግ የሚችለው ባለፓምፖቹን አንድ ዛፍ ሥር አስቀምጦ «ውሃው ይህን ያህል ቀርቷል፣ በዚህ ከቀጠልን ይህን ያህል ክረምት ይበቃናል» ብሎ በቁጥር ማሳየት ነው። ከዚያ ሽማግሌዎቻችን ተራ ያወጣሉ። ተራ ማውጣት እናውቃለን። የሌለን ሁላችንም የምናምነው ቁጥር ነው።

የመስኖ ልጅ

@የዓወዳይ ልጅ፣ አፈር ስሆን በዚህ እስማማለሁ። እኛ ጋ ጎጃም የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለ። ሰው መርጦት ነው የሚቀመጠው። ሌሊት ውሃ የሰረቀ ይቀጣል። ከውጭ የሚመጡት አሠልጣኞች ግን አንድ ቀን እንኳ እሱን ፈልገው አነጋግረውት አያውቁም። አዲስ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ማህተም አስቀርጸው ይሄዳሉ። ኮሚቴው ከባነሩ ጋር አብሮ ይወርዳል።

ከሐይፋ

ሰላም ለሁላችሁ። ቁጥር ስላነሳችሁ ነው። እዚህ እስራኤል የኪነሬት ሐይቅ፣ እናንተ የገሊላ ባሕር የምትሉት፣ ከፍታው በሴንቲሜትር እየተለካ ለሕዝብ ይነገራል። ከባሕር ወለል በታች 213 ሜትር ላይ «ታችኛው ቀይ መሥመር» የሚባል አለ፤ ውሃው ከዚያ እንዳይወርድ የሚፈለግበት ከፍታ ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ሲጥል ሕፃን አዋቂው ስንት ሴንቲ ጨመረ ይላል። ከኢትዮጵያ የመጡት አያቴ ዕብራይስጡ ብዙም አይገባቸውም፣ ያችን ቁጥር ግን ይከታተሏታል። ሐይቅ ያላችሁ ሁሉ ለምን አንድ ቀለም የተቀባ እንጨት አትተክሉም?

ፔንሲልቬኒያ ነኝ

ጋሽ ኢንጅነሩ ያነሱት የአሜሪካ ወግ አሁንም አለ። እኔ የምኖረው በመሀሉ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. የ1914 ነው፣ ስሚዝ ሌቨር ይባላል። በየካውንቲው የዩኒቨርሲቲው ኤክስቴንሽን ቢሮ አለ።

እዚህ ገጠሩ ላይ ብዙ ቤት የራሱ ጉድጓድ አለው። የግል ጉድጓድን ውሃ የሚቆጣጠር መንግሥት ደግሞ የለም፤ የቤቱ ባለቤት ጣጣ ነው። የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? ጠርሙስ ይሰጥሃል። ከራስህ ቧንቧ ቀድተህ ትመልሳለህ፣ የምርመራውን ትከፍላለህ። ውጤቱ ከነማብራሪያው ይመጣል። ባክቴሪያ አለው፣ ናይትሬቱ ይህን ያህል ነው፣ እርሳስ የለውም፣ ይህን አድርግ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ተራ ነዋሪዎችን አሠልጥነው የጉድጓድ አማካሪ ያደርጋሉ። እነሱ በፈቃደኝነት ጎረቤታቸውን ይመክራሉ። እኔንም የመከረችኝ ጡረታ የወጣች ጎረቤቴ ናት።

ልዩነቱ ገብቷችኋል? «ውሃ ሊበከል ይችላል» ብትሉኝ አዛጋለሁ። «ያንተ ጉድጓድ እንዲህ ነው» ስትሉኝ ግን ቁጭ ብዬ ነው የማነበው። እኛ አገር እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ አለው። ለቀበሌው አምስት ምንጭ መርምሮ ውጤቱን ለሰዎቹ መልሶ መንገር ያን ያህል ይከብዳል?

ቁልፍ ያዥ

@ፔንሲልቬኒያ ነኝ፣ ናሙና መውሰድስ ይወስዳሉ። ስንት ተማሪ በጠርሙስ ቀድቶ ሄዷል መሰለህ። የሚመልሰው ነው የጠፋው። ውሃችን ተመርቆ ዲግሪ ይዟል።

የስምጥ ሸለቆ ነርስ

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዝዋይ አካባቢ ነው የምሠራው፣ ባቱ። የእኛ ችግር ጀርም ብቻ አይደለም፣ ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ አለት ውስጥ ያለ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ እዚህ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያንን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከፍተኛ መጠን ለብዙ ዓመት የጠጣ ደግሞ አጥንቱ ይጎዳል፣ ወገቡና አንገቱ ይደርቃል። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከታየ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል።

ከከተማ የመጣ ቡድን መጥቶ ምን አስተማረ? «ውሃችሁን አፍሉ» ብሎ ሄደ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያወጣም። ውሃው ሲተን እንዲያውም ትንሽ ያከማቸዋል። ክሎሪንም አያወጣውም። ያቺ እናት እንጨቷን አቃጥላ፣ ጊዜዋን ጨርሳ፣ ለልጇ ያንኑ ፍሎራይድ ሰጠች። ስላይዱ ለሌላ አካባቢ የተሠራ ነበር። አልቀየሩትም።

መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ውሃውን በአሉሚኒየም ሰልፌት ጨውና በኖራ አክሞ ማጥለል አለ። የከብት አጥንት ከስሎ የሚሠራ ማጣሪያም አለ። በርካታ ሰው «የምን አጥንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስለ ጾምም ይጠይቃል። አይፈረድበትም። ይህን ቁጭ ብሎ ከቄሱና ከሼኩ ጋር የሚነጋገር ያስፈልጋል። ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን ብቻ ከዝናብ ማጠራቀምም ያስኬዳል። አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። አርባ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሃያ ሚሊሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር መጣ ማለት ነው፣ ጥቂቱ ቢባክንም። ይህን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩ ላይ ይሠራዋል። ቤቱ ሄዶም ጣሪያውን ለክቶ ለአባቱ ያወራል።

መምህር፣ ከመሄድህ በፊት የዚያን ቀበሌ ውሃ አስመርምር። ሌላውን ከዚያ በኋላ አስብበት።

ነጠብጣብ

@የስምጥ ሸለቆ ነርስ፣ እህቴ አመሰግናለሁ። የእኛ ቀበሌ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም፤ ምርመራው ግን ከሁሉም ይቅደም ብያለሁ። ናሙናውን በዚህ ሳምንት ተማሪዎች ይቀዳሉ። @ቁልፍ ያዥ፣ ውጤቱም ይመለሳል፣ አትስደበኝ።

አንድ ጥያቄ። የዓወዳዩ ወንድማችን ሁሉም የሚያምነው ቁጥር ያስፈልጋል ብሏል። ያንን ቁጥር ማን ይለካ? እኛ በየወሩ መመላለስ አንችልም። መኪናውን ታውቁታላችሁ።

የዳንግላ ሰው

ራሳቸው ይለኩት።

ይህ የሕልም ወሬ አይደለም፣ እኛ ወረዳ ተሠርቷል። ዳንገሽታ ቀበሌ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አርሶ አደሮች ዝናቡን፣ የጉድጓዳቸውን ጥልቀትና የወንዙን ከፍታ እየለኩ መዝግበዋል። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩበት። መለኪያው ተራ ነገር ነው፦ የዝናብ መለኪያ፣ ወንዝ ውስጥ የቆመ ምልክት ያለው ሰሌዳ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚለቀቅ ሜትር። በኋላ መረጃው ከሌሎች መለኪያዎች ጋር ሲነጻጸር ጥራቱ የሚያኮራ ሆነ። ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ ወጥቷል። «ገበሬ ይሳሳታል» ለሚሉት መልስ ነው።

ግን ልብ በሉ። ይህ የሚሠራው የለካው ሰው ቁጥሩን ራሱ ሲያነበው ነው። መዝገቡ ቢሮ ከተቆለፈ ለካው አልለካው ለመንደሩ ምን ይፈይዳል። የጉድጓዱን ወር በወር ሥዕል ሠርታችሁ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የካቲት ላይ ጉድጓዱ የት እንደደረሰ ያየ ገበሬ ጥቅምት ላይ ስንት ገመድ ሽንኩርት እንደሚተክል ራሱ ያሰላል።

ታንኳ ቀዛፊ

ከጣና ዳር ነኝ። ሁላችሁም ስለ ጉድጓድ ታወራላችሁ፣ እኛ እምቦጭ በልቶናል።

ጣና ላይ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመቻ ነው፣ ዘመቻ ነው። ተማሪው በአውቶቡስ ይመጣል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ይነቅላል፣ ፎቶ ይነሳል። ልጆቹን አልወቅስም። አልቅት እየበላቸው ውለዋል፣ ጀግኖች ናቸው። ግን አረሙ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሃያ ዓመት ይቆያል። ነቅለው ዳር ላይ የከመሩትም ክረምት ሲመጣ፣ ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ይህን ያየ የደምቢያ ገበሬ ዘመቻ ሲባል ይስቃል።

አረሙ የሚበላው ምንድነው? ከላይ የሚመጣውን ነዋ። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ ይዘውት የሚወርዱትን አፈርና ማዳበሪያ፣ የከተማውን ፍሳሽ። ሥልጠና ከተባለ ሥልጠናው መሆን ያለበት ላይኛው ተፋሰስ ላይ ነው። እዚያ ያለው ገበሬ ጣናን አይቶት ላያውቅ ይችላል። አንድ ቀን በአውቶቡስ አምጥታችሁ ታንኳ ላይ አሳፍሩት። የኔን መረብ ያንሳ፣ አብሮኝ ይጎትት። የእሱ ማሳ አፈር እንዴት እዚህ እንደደረሰ ያኔ እንነጋገራለን። እኔም ላይ ወጥቼ እርከን ብሠራለት ደስ ይለኛል።

ዝም ብዬ አንባቢ

ችግኝ መትከልስ? ሁልጊዜ የውሃ ሥልጠና ሲባል ማለቂያው ችግኝ ነው።

የመስኖ ልጅ

ችግኙ ምን እንደሆነ ካየህ በኋላ ነዋ። አንዱ ትምህርት ቤት ምንጭ አናት ላይ ባሕር ዛፍ ተክሎ አገኘሁት። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ ቤት ሠርቶልናል፣ አልክደውም። ምንጭ ራስ ላይ ግን ጠላት ነው፣ ውሃውን ይመጠዋል። ጓሮ ተክሉት፣ መንገድ ዳር ተክሉት፤ ምንጭ ላይ አገር በቀል አድርጉ።

የጀሪካን እናት

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ስልኩም የልጄ ነው። የምኖረው ገጠር ቀበሌ ነው፣ የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ።

ሥልጠና ሲመጣ ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እኛ ያን ጊዜ ውሃ ላይ ነን። ስለዚህ ስለ ውሃ የሚማሩት ወንዶቹ ናቸው። እኛ ስንደርስ ሻዩ አልቆ ስም ጠሪው ወረቀቱን ሰብስቧል። ደግሞ ማን እንደተማረ ሲጠየቅ «ሴቶች ሠላሳ በመቶ» ይላሉ። እነማን ናቸው እነሱ?

ልጄ ነጠብጣብ፣ ስምህን አላውቀውም። ከሰዓት አድርጉት፣ እዚያው ውሃው ላይ አድርጉት። ተራ ስንጠብቅ ቁጭ ብለን ነው የምንውለው፣ ጆሮ አለን። ፓምፕ መፍታቱን እኔም እወዳለሁ። ግን ባሎቻችን «ይህ የወንድ ሥራ ነው» እንዳይሉን ሁለት ሴት ተማሪ ይዘህ ና፣ እነሱ ሲፈቱ ያዩ። ሌላው፣ የውሃ መዋጮ ደብተር አያያዝ ብታሳዩን መልካም ነው። ጎማዋ ስታልቅ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ የሚጣላው ሰው ከውሃው ይልቅ ይከብደኛል።

ማሂ ከዶርም

እማማ፣ እኔ ልምጣ? ቁልፍ መያዝ እችላለሁ። የምሬን ነው።

ነጠብጣብ

@የጀሪካን እናት፣ እማማ እግዜር ይስጥልኝ። እቅዱን እንዲህ ቀይሬዋለሁ፣ ካጠፋሁ ቶሎ አርሙኝ።

አዳራሹን ትቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፓምፑ ላይ ይሆናል፣ ሁለት ሴት ተማሪዎች ይመሩታል። ሁለተኛው ቀን የውሃ ምርመራው ውጤት በግልጽ ይነገራል፤ መጥፎ ከሆነም ይነገራል። የመዋጮ ደብተሩን የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ ይዞ ይመጣል። ጉድጓዱን የሚለካ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ልጆችና አንድ መምህር እንመርጣለን። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ወደዚያው ቀበሌ ይመደባል፣ ከዚያም በየዓመቱ። እሱን ከዲፓርትመንቱ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ፤ ትልቁ ድሌ እሱ ነው።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ባነርና ቲሸርት የሚል በጀት አለኝ፣ መለዋወጫ የሚል ግን የለኝም። ፋይናንስ ክፍሉ አዛውርልኝ ብለው እስከ ነሐሴ ይመልሰኛል።

ቁልፍ ያዥ

እሱማ ቀላል ነው። «የሥልጠና ቁሳቁስ» የሚል ርዕስ የለህም? ዩ ሲሉንም፣ የቫልቩን ቦቢንም፣ ቁልፉንም እዚያ አስገባው። ለሥልጠና ነው የምትጠቀምበት፣ ውሸት የለበትም። ባነሩን ትንሽ አሳጥረህ አሠራው፣ ግድ ነው ካሉ።

ከመግዛትህ በፊት ግን የፓምፑን ዓይነትና የጉድጓዱን ጥልቀት ጠይቀህ እወቅ። አንዳንዱ ቀበሌ ኢንዲያ ማርክ ነው፣ ዕቃው አይገጥምም።

ነጠብጣብ

አፍሪዴቭ ነው፣ ሊቀመንበሩን ደውዬ አረጋገጥኩ። ግዢ ክፍል ግን ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይለኛል።

ቁልፍ ያዥ

የሚሸጡትን ሦስቱንም ሱቆች አውቃቸዋለሁ። ነገ ከሰዓት በኋላ እዞራቸዋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ማህተም ያለው ነው የምትፈልገው አይደል?